የአባቴ ድንቢጦች

እናቴን የቀበርን ሰሞን አባቴን ከአምባሰል ይዤው ወደ ሐይቅ ወረድኩ። ጊዜው ሰዉ ሁሉ ስለ ለውጡ የሚያወራበት ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ተሳፋሪው እየተቀባበለ ይከራከራል፣ ይስቃል። አባቴ ግን ከውጫሌ ተነሥተን ሐይቅ እስክንገባ አንድ ቃል አልተነፈሰም። በመስኮቱ በኩል ማሽላውን ብቻ ያያል።

ያን ጊዜ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ። ባሌ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅ አልወለድኩም። ቤቴ ከአስፋልቱ ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። ግቢው ሰፊ አይደለም፤ አንድ የዘይቱን ዛፍ፣ ጥቂት ጎመን፣ ከጀርባ ደግሞ የቆርቆሮ አጥር።

አባቴ ሱብሂን ሰግዶ በርጩማውን በረንዳ ላይ ያወጣል፤ እስከ መግሪብ ከዚያ አይነሣም ማለት ይቻላል። ምሳ ሲቀርብለት ሁለት ጊዜ ይጎርስና "አልሐምዱሊላህ፣ በቃኝ" ይላል። ቴሌቪዥን ከፈትኩለት፤ "ዝጊው" አለኝ። ሽማግሌዎች ወደሚቀመጡበት ወደ መስጊዱ በር ወሰድኩት፤ ሰላምታ ተለዋውጦ ወዲያው ተመለሰ። ስድሳ ዓመት አንድ ማሳ ላይ የዋለ ሰው ከተማ ውስጥ እጁን የት ያድርገው?

አንድ ቀን ጠዋት እህል አበጥሬ የደፋሁት ገለባ ላይ አንድ ድንቢጥ አረፈ። ሆዱ ሰማያዊ ነው፤ ጉንጩ ላይ ቀይ ነጥብ አለው። አባቴ አንገቱን ቀና አደረገ። ወፉ ሁለት ሦስቴ ለቀም ለቀም አድርጎ በረረ። አባቴ ግን ከሄደበት አቅጣጫ ዓይኑን ሳይነቅል ብዙ ቆየ። ከመጣ ጀምሮ እንዲያ አተኩሮ ያየው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ወፎቹን ላመጣለት ወሰንኩ።

መጀመሪያ ሰፌድ ላይ ማሽላ በትኜ መሬት ላይ አኖርኩ። የጎረቤት ዶሮዎች ጨረሱት። በማግስቱ ሰፌዱን አጥሩ ላይ ሰቀልኩት። ርግቦች መጡበት፤ ከርግቦቹ በኋላ ቁራ መጣና ገለበጠው። ሦስተኛ፣ የዘይት ጀሪካን ጎኑን ቀድጄ፣ እህል ሞልቼ፣ በሽቦ ዘይቱኑ ላይ አንጠለጠልኩ። ሳምንት ሙሉ አንድም ወፍ ዝር አላለበትም። ነፋስ ሲመጣ ይወዛወዛል፣ ያ ብቻ ነው።

ጎረቤቴ ክርስቲያን ናቸው፤ ባላቸው ሞቶባቸው ሁለት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ። እትዬ እላቸዋለሁ። እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ አጥሩ ጋ ቆመው ጀሪካኑን ሽቅብ አዩት።

"ምንድን ነው የሰቀልሽው ልጄ?"

"ወፍ ልጠራበት ነው እትዬ።"

"ወፍ? አገሩ ሁሉ ወፍ ያባርራል፣ አንቺ ትጠሪያለሽ? አያ፣ ይችን ልጅዎን ምን አስተማሯት?"

አባቴ ከበርጩማው ላይ ሆኖ "እኔ ያስተማርኳት ቢሆንማ እንዲህ አትሰቅለውም ነበር" አለ።

ሁለታችንም ዞረን አየነው። ለወራት ከሰላምታና ከዱዓ በቀር ያን ያህል የተናገረበት ቀን አልነበረም። ዱላውን አንሥቶ ወደ ጀሪካኑ ጠቆመ።

"ድንቢጥ የሚወዛወዝ ነገር አትወድም። ፍሬዋን አገዳው ላይ ቆማ ነው የምትፈለፍል። አጠገቧ እሾህ ትፈልጋለች፤ ጭልፊት ሲመጣባት የምትገባበት። ከበላች ወዲያ ደግሞ ውሃ ትሻለች። ያቺ ድመት እዚያ ተጋድማ እያለች ማን ይመጣልሻል?"

ድመቷ የእትዬ ናት። እሳቸው ሳቁና "ድመቴን በነገር አይክሰሱብኝ እንጂ፣ እጠራታለሁ" አሉ።

"እንዴት ይህን ሁሉ አወቅክ አባዬ?" አልኩት።

"ስድሳ ዓመት የተዋጋሁትን ጠላት አላውቅ?"

በገበያ ቀን ካገዳው ያልተለየ ዘንጋዳ ፈልጌ አመጣሁ። አባቴ ራሱ አገዳዎቹን አስሮ ከቆርቆሮው አጥር አጠገብ ልክ እንደበቀሉ አድርጎ አቆማቸው። የግራር ቅርንጫፍ አስቆርጦ በስተቀኝ ተከለ። የተሰበረ የእንስራ ገል ላይ ውሃ አደረገ፤ ውሃው ከጣት አንጓ እንዳይበልጥ ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ደግሞ አንድ እፍኝ ኑግ በተነ። ልብስ የማሰጣበትን ገመድ ወደ ጓሮ አዛወረው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ጋቢውን በርጩማው ላይ ትቶት ነበር፤ ጀርባው ላይ ላብ አየሁ።

አራት ቀን ምንም አልመጣም። በአምስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስገባ አባቴ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አቆመኝ። አገዳዎቹ ላይ ሰባት ድንቢጦች ነበሩ፤ ሁለቱ ቀይ፣ የቀሩት ሰማያዊ ሆድ ያላቸው። አገዳው ከክብደታቸው የተነሣ ትንሽ ጎንበስ ይላል። ደብተሮቼን እንደ ታቀፍኩ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

በዚያ ሰሞን አባቴ ከእናቴ ጋር እንዴት እንደተዋወቁ ነገረኝ። ያደግኩት ደሴ አክስቴ ቤት ስለሆነ ታሪኩን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

"ወፍ ስንጠብቅ ነው" አለ። "የአባቷ ማሳና የአባቴ ማሳ ድንበርተኛ ነው። እሷ በዚያ ማማ ላይ፣ እኔ በዚህ። እኔ ወፉን ጮኼ ሳስነሣው ወደሷ ይሄዳል፤ እሷ ስትጮህ ወደኔ ይመጣል። 'ምነው ወፍህን ትልክብኛለህ!' ብላ ሰደበችኝ። ለሦስት ቀን ተሰዳደብን። በአራተኛው ቀን ዘፈነችብኝ።"

"ምን ብላ?"

አፈረ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው እንደ ልጃገረድ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ሳይዘፍን፣ ቃሉን ብቻ ዝቅ አድርጎ ነገረኝ፦

"ማሽላ ላይ ያለው በጅራፍ ይነሣል፣
ልቤ ላይ ያረፈው በምን ይመለሳል?"

"አንተስ ምን መለስክ?"

"እኔ ግጥም አላውቅም። የዚያን ዓመት ሽማግሌ ላክሁ።"

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ሌላ ሆነ። አባቴ መብላት ጀመረ። ወፎቹ በስንት ሰዓት እንደመጡ፣ ስንት እንደነበሩ፣ ማን ማንን ከውሃው እንዳባረረ ከትምህርት ቤት ስመለስ ይነግረኛል። ቀዩን "ሙሽራው" ይለዋል። እትዬ ቤታቸው የተረፈውን የጤፍ ግርድ በጣሳ ያቀብሉናል፤ ድመታቸውንም ጠዋት ጠዋት ቤት ይዘጉባታል። ሁለት ዓመት ከምናምን እንዲህ ኖርን።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መጀመሪያ ወሬ ነበር፤ በክረምቱ ከቆቦና ከወልዲያ የተፈናቀለው ሰው አስፋልቱን ሞላው። ትምህርት ቤታችን ማደሪያ ሆነ። ቆይቶ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከአምባሰል ተራራ በኩል ይሰማ ጀመር፤ ተራውም የኛ ከተማ ሆነ። ሰው ፍራሹን ባጃጅ ላይ ጭኖ ወደ ደሴ ሲሮጥ አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድሜ ደወለና "አባዬን ይዘሽ ውጪ" አለኝ።

ስልኩን ለአባቴ ሰጠሁት። "እኔ በዚህ እግሬ የት እደርሳለሁ? መንገድ ላይ ከመሞት ቤት ይሻላል። እህትህን ግን ውሰዳት" አለው።

እኔም አልሄድኩም። ጀግንነት አይደለም፤ እሱን ትቶ የሚሄድ እግር አጣሁ። እትዬም ከልጆቹ ጋር ቀሩ። በማግስቱ ስልኩም መብራቱም ጠፋ፤ ከተማዋ በታጣቂዎች እጅ ገባች።

ስለነዚያ ሳምንታት ብዙ ማለት አልፈልግም። በሩን ዘግተን ዋልን። ወፍጮ ቤት ቆሟል፤ ገበያ የለም። ዱቄታችን ሲያልቅ ቤት ውስጥ የቀረው ለወፎቹ የገዛነው ዘንጋዳ ብቻ ነበር፤ ግማሽ ጆንያ ይሆናል። አባቴ ጆንያውን ራሱ ጎትቶ አመጣው።

"ለሁለት ክፈይው" አለኝ። "ግማሹን ለጎረቤት። ወፍ ክንፍ አላት፤ የትም ሄዳ ትበላለች።"

ቀቅለን ንፍሮ በላን። እትዬ በአጥሩ ቀዳዳ ሳህን ሲመልሱ "ምን ላርግልዎ አያ?" አሉት። "ዱዓ አርጊ፣ በምታውቂው" አላቸው።

አገዳዎቹ ባዶ ቢሆኑም ገሉ ላይ ውሃ ማድረጉን አባቴ አልተወም። ወፎቹ ለጥቂት ቀናት ለውሃው መጡ። ከዚያ እየቀነሱ ሄዱ፤ በኋላም ጭራሽ ጠፉ። በተኩሱ ደንግጠው የሸሹ መስሎኝ "ሰላም ሲሆን ይመለሳሉ አባዬ፣ አብሽር" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ።

"በድንጋጤ አይደለም። ዕድሜ ልካቸውን በጅራፍና በወንጭፍ መሀል የኖሩ ናቸው። ጠግበው ነው።"

"ምን በልተው?"

"ማሳውን። ይሄኔ ማሽላው ፍሬ ይዟል። ወፍ ከሰው ግቢ በአንድ ጊዜ ከጠፋች ማሳው ጠባቂ የለውም ማለት ነው። ሰዉ ሸሽቷል።"

እኔ እስከዚያች ሰዓት የፈራሁት በራችንን ብቻ ነበር። እሱ ግን ባዶ አገዳ እያየ የአምባሰልን ቆላ በሙሉ ያይ ነበር። አባቴ ወደኔ ከመጣ ወዲህ መሬታችንን እኩል የሚያርሱት ባልና ሚስት የት እንደገቡ አናውቅም። አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍም እረፍትም አጣ፤ "መንገዱ ተከፈተ ወይ?" ብቻ ሆነ ጥያቄው።

መንገዱ ሲከፈት፣ ታጣቂዎቹ በለቀቁ በሦስተኛው ቀን፣ እህል የሚጭን አይሱዙ ለምነን ወደ ውጫሌ ወጣን። አባቴ ጋቢና ውስጥ ተቀመጠ። ከውጫሌ ወዲያ ያለውን ቁልቁለት በእግር ሄድነው። በአንድ እጁ ዱላውን፣ በሌላው ክንዴን ይዞ በየዛፉ ጥላ እያረፈ ወረደ። በግራና በቀኝ ያለው ማሽላ ራሱ ባዶ ነበር፤ ከሩቅ ሲያዩት ቆሟል፣ ሲቀርቡት ግን ፍሬ የለበትም።

የኛ ማሳ ጋ ስንደርስ የሴት ድምፅ ሰማን። እኩል አራሻችን ከቤተሰቡ ጋር ሸሽቶ ኖሮ፣ ሚስቱ መንገዱ እንደተከፈተ ቀድማ ተመልሳለች። ባዶ ጣሳ በድንጋይ እየመታች ትጮሃለች፤ ጉሮሮዋ ተዘግቶ ድምፅዋ እንደ ሹክሹክታ ሆኗል። የማማው እንጨት ለማገዶ ተወስዷል። ማሳው ከሲሶው በላይ አልተረፈም፤ ድንቢጡ እንደ ደመና ይነሣል፣ እንደ ደመና ይወርዳል።

አባቴን ስታይ ጣሳውን ጥላ እግሩ ላይ ልትወድቅ ሮጠች። "አፉ በሉኝ! አላቆየሁልዎም፣ አስበላሁት!"

በሁለት እጁ አነሣት። "ያ አላህ! አንቺ በሕይወት አለሽ፣ ምኑን ነው አፉ የምልሽ? ልጆቹስ?"

"ደህና ናቸው። አባታቸው ይዟቸው ይመጣል።"

"በይ ተቀመጪ፣ ውሃ ጠጪ። አሁን የኛ ተራ ነው።"

ከማሳው ራስጌ ያለው ድንጋይ ላይ ወጣ። የሴትዮዋን ወንጭፍ ተቀብሎ ሞከረው፤ ክንዱ እምቢ አለ። ያን ጊዜ ሁለት እጁን ዱላው ላይ አስደግፎ ጮኸ። እንዲያ ያለ ድምፅ አባቴ ውስጥ እንዳለ አላውቅም ነበር። ረዥም ነው፤ መጨረሻው ላይ ከፍ ብሎ ይሰበራል። መንጋው ከዳር እስከ ዳር ተነሣ።

"አንቺም ጩሂ እንጂ!" አለኝ።

ሠላሳ ዓመት ልጆችን "አትጩሁ" እያልኩ የኖርኩ ሴት ነኝ። የመጀመሪያው ጩኸቴ እንደ ሳል ወጣ፤ ሴትዮዋ ያን ሁሉ ሐዘን ይዛ ሳቀችብኝ። ሁለተኛው ተሻለ። ማሳውን ለሦስት ተከፋፍለን እስከ ከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ድረስ ጮኽን። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን። ወፎቹን ሳያቸው በአንድ በኩል አዘንኩ፤ ግቢዬ ውስጥ በእፍኝ የለመንኳቸው እነዚሁ ነበሩ። አባቴ ግን እንዲህ ያለ ነገር አላስጨነቀውም። "እዚያ እንግዳ ናቸው፣ እዚህ ሌባ" አለኝ።

ባልየው ከልጆቹ ጋር በአራተኛው ቀን ደረሰ፤ የቀረውን ማሽላ አብረን ቆርጠን ወቃን። ክፍፍሉ ላይ ሲደርስ ሰውየው እንደ ልማዱ እኩል ሊሰፍር ቁና አነሣ። አባቴ እጁን ያዘው።

"ዘንድሮ እኩል የለም። ለኔ አንድ ጆንያ ይበቃኛል፤ ለጎረቤታችንም አንድ ስጠኝ፣ የሁለት ልጅ አሳዳጊ ናት። የቀረው የልጆችህ ነው።"

ለመመለስ ስንነሣ አባቴ ከድንጋዩ ላይ አልተነሣም።

"አንቺ ሂጂ" አለኝ። "ትምህርት ቤትሽ ይከፈታል። እኔ እዚሁ ልሁን።"

"በዚህ እግርህ? ማን ይይዝሃል?"

ሴትዮዋ ቀድማ መለሰች። "እኛ አለን። ቤታቸው ነው፣ አባታችን ናቸው።"

ፊቱን አየሁት። ሐይቅ በረንዳ ላይ ካስቀመጥኩት ሽማግሌ ጋር አይመሳሰልም ነበር። ልከራከር የነበረውን ሁሉ ተውኩትና መድኃኒቱን በየትኛው ሰዓት እንደሚወስድ ለሴትዮዋ አስረዳኋት።

እትዬ ጆንያውን ሲያዩ መጀመሪያ የጠየቁኝ "እሳቸውስ?" ብለው ነው። ነገርኳቸው። "ደግ አደረጉ፤ ሰው አገሩ ላይ ይሻለዋል" አሉኝ።

አባቴ ከዚያ ወዲያ ሁለት መኸር አየ። በየወሩ እየሄድኩ ጠየቅሁት፤ ስደርስ ብዙ ጊዜ ልጆቹን ሰብስቦ ወንጭፍ ሲያስተምር አገኘው ነበር። የሞተው በበልግ፣ ማሳው ታርሶ ገና ሳይዘራ ነው። እናቴ አጠገብ ቀበርነው። ለቀብሩ ከሐይቅ የመጣነው በአንድ ሚኒባስ ነበር፤ እትዬ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ጥቁር ነጠላቸውን ተከናንበው መንገዱን ሙሉ አለቀሱ።