ለልብስ ማጠቢያ ማሽን የወረደ ሙሾ

ወይዘሮ አስካለ የበደለችኝ ሙሾ ማስተማር በጀመርኩበት በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። የሮም እድራችን ሊቀመንበር እሷ ናት። ስሟን የምጠራው ሌላ አስካለ በስህተት እንዳትታማ ብዬ ነው።

ሙሾ ማውረድን የተማርኩት ሞጣ፣ ከአክስቴ ነው። ሮም ከመጣሁ በኋላም ሳምንቱን አሮጊት ጣልያኖች ስጦር እሰነብትና እሑድ ለቅሶ ቤት ሄጄ አወርዳለሁ። ሥራው ደንብ አለው። አውራጇ ከመቆሟ በፊት የሟቹን ቤተሰብ ትጠይቃለች፤ ምን ይወድ ነበር፣ በምን ይቆጣ ነበር። ከዚያ ሁለት ስንኝ ታወርዳለች፤ ተቀባዮቹ ደረታቸውን እየመቱ «ወዮ!» ይላሉ። ጉልበቴ ሲደክም የሚተካኝ ሰው የለኝም። ልጆች ካልያዙት ሙያው ከእኔ ጋር ይቀበራል።

ያን ቅዳሜ አምስት ልጃገረዶች ወደ እድሩ አዳራሽ መጡ። ሁሉም እዚሁ የተወለዱ ናቸው። አንዷ የአስካለ ልጅ ሊያ ናት።

«እማማ ዘነቡ፣ ግን የሞተ ሰው ሳይኖር እንዴት ይለቀሳል?» አለችኝ።

ሳልመልስላት ጠረጴዛው ላይ ወጥታ ተጋደመችና ነጠላዬን ተከናነበች። እኔ ተኚ አላልኳትም።

ሁለተኛውን ሙሾ ስንጀምር አስካለ በሩን ከፈተች። ከነጠላው ሥር የወጣውን የልጇን ጫማ አየች። ያኔ ያሰማችው ጩኸት፣ ሐቁን ለመናገር፣ በሙያዬ ከሰማሁት ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ሊያ ብድግ ብላ «ማማ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት።

አስካለ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ሟርተኛ! ልጄን በቁሟ ሙሾ ታወርጂባታለሽ?»

«ልምምድ ነው» አልኳት።

«ሞትን የሚለማመድ ማን አለ? ይሄ ሮም ነው፣ ሞጣ አይደለም። ከእንግዲህ በእድሩ ለቅሶ ላይ ድምፅሽን እንዳልሰማ!»

ቦርሳዬን ልጆቹ ፊት ከደጅ አኖረችው። አልረሳሁትም።

ትምህርቱን አናኚና ሜትሮ ጣቢያ አጠገብ ወዳለ ላቫንዴሪያ፣ ሰው ሳንቲም ከፍሎ ልብሱን ወደሚያጥብበት ቤት፣ አዛወርኩት። ክረምት ይሞቃል፤ ማሽኖቹ ሲዞሩ ድምፃችንን ይሸፍኑልናል። ሊያ የቤታቸውን አንሶላ እያመካኘች መምጣት ጀመረች። አስካለ ልጇ ንጽሕና ወዳድ ሆነችልኝ ብላ ለሰው ሁሉ አወራች።

ሰው ላይ ሙሾ ማውረድ ሟርት ከሆነ ዕቃ ላይ እናውርድ አልኩ። ቀኑ ላለፈበት ፔርሜሶ፣ ለመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው፣ አወረድን፤ መንገድ ላይ ለቀረ አውቶቡስም አወረድን። ደንቡ ያው ነው፤ መጀመሪያ ሟቹ እንዴት እንደኖረ ይጣራል። አንድ ቅዳሜ ጥግ ያለው ማሽን ተበላሸ። ሊያ ቆመች፦

የሰፈሩን እድፍ ስታስለቅቂ ኖረሽ፣
ስትሞቺ ማን አጥቦ ማን ገንዞ ቀበረሽ።

ሌሎቹ «ወዮ!» እያሉ ደረታቸውን መቱ። ካልሲውን ሊያጥብ የመጣ ሽማግሌ ጣልያን ደንግጦ ተጠጋ።

«ማን ሞተባችሁ?»

«ላቫትሪቼዋ» አለችው ሊያ።

ሰውዬው ማሽኗን አየና ባርኔጣውን አውልቆ «ኮንዶልያንዜ» አለ፤ እግዜር ያጥናችሁ እንደማለት ነው። ልጆቹ በሳቅ ወለሉ ላይ ወደቁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የተሰበረ ጃንጥላ ይዞ መጣና ለእሱም እንድናወርድለት ለመነን። አወረድንለት።

ከዚያ የአስካለ እናት ወይዘሮ ብርቄ አረፉ።

ለቅሶው አዳራሹ ውስጥ ነበር። እኔ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ተከልክያለሁና አፌን አልከፈትኩም። አስካለ በድምፅ ማጉያ የተቀዳ ሙሾ አስከፍታለች። ሙሾው የወረደው ለአንድ ፈረሰኛ ጀግና ነው፤ ወይዘሮ ብርቄ ፈረስ ነክተው አያውቁም። ለቀስተኛው ስልኩን ይነካካል።

ሊያ ተነስታ ማጉያውን ዘጋችው።

«ሊያ፣ ቁጭ በይ!» አለች አስካለ።

«ኖናዬ ናት፣ ማማ» አለችና አወረደች፦

ባለአውቶቡሱን ስትመርቅ የኖረች፣
ዛሬ ምን ከፍቷት ነው ሳትመርቅ የቀረች።

ወይዘሮ ብርቄ ሾፌሩን በአማርኛ ሳይመርቁ ከአውቶቡስ ወርደው አያውቁም፤ ሾፌሮቹም «ግራዚዬ ኖና»፣ አመሰግናለሁ አያቴ፣ ይሏቸው ነበር። ይህን የማያውቅ በአዳራሹ አልነበረም። አራቱ ልጆች «ወዮ!» ሲሉ ስልኮቹ ሁሉ ወደ ኪስ ገቡ። አስካለ ልጇን ልታስቆም እጇን አንስታ ነበር። እጇ ተመልሶ በራሷ ደረት ላይ አረፈ።

ለቀስተኛው ሲበተን ወደ እኔ መጣች።

«መቼ ነው ያስተማርሻት?»

«አንሶላ ስታጥብ።»

ተዝካሩ ሲቃረብ ደወለችልኝ። «ለእናቴ እኔም ሁለት ስንኝ ማውረድ እፈልጋለሁ። ጽፈሽ ላኪልኝ።»

«ሙሾ ተጽፎ አይላክም። ቅዳሜ ላቫንዴሪያ ነይ።»

ይቅርታ አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ከሥራ ዘመኔ የተረዳሁት ሙሾ የሚለመደው ሰው ሳይሞት መሆኑን ነው። አስካለ ቅዳሜ መጣች። ከልጆቹ ኋላ፣ ከተቀባዮቹ ጋር አስቀመጥኳትና «ወዮ» ማለት አስጀመርኳት። ስንኝ እስካሁን አልሰጠኋትም።