ለእማማ ያወጣሁት የአሥራ አራት ቀን ዕቅድ

ይህ ነገር መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ማንም አልሞተበትም፣ ማንም አልከበረበትም። ገርጂ ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት ጎረቤታችን ልጇን ልትጠይቅ ፈረንሳይ ሄዳ ተመለሰች፣ በቃ። ሰው ሁሉ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ግን የጉዞውን ዕቅድ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሮ በሥርዓቱ ብጽፈው ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ከረዘመ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከላይ «ልጇን ልትጠይቅ» ብዬ እንደ እኩያዬ የጻፍኩት ተሳስቼ ነው። በብሎካችን ያለ ሰው ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው። ከወለጋ መጥተው፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ እሑድን ሙሉ በጸሎት ቤታቸው የሚያሳልፉ ሴት ናቸው። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት። እሷም ፈረንሳዊ አግብታ፣ ወንዝ ዳር ባለች የጥንት መንደር ትኖራለች። ባለፈው መስከረም ወንድ ልጅ ወለደች። እማማ የልጅ ልጃቸውን የሚያውቁት በስልክ ብቻ ነበር። ፊቱ ሲመጣ ስክሪኑን ይስሙታል፤ ስልኩም በከንፈራቸው እየተነካ ይዘጋባቸዋል። የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ መራመድ ሳይጀምር ማቀፍ።

«ከተራመደ በኋላማ ማን ቆሞ ይታቀፍልኛል?» ይሉ ነበር።

ለቪዛ ከሚጠየቁት ወረቀቶች አንዱ የየቀኑ የጉዞ ዕቅድ ነው። እኔ ደግሞ የቱሪዝም የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አንድ ቀን ደረጃ ላይ አገኙኝ።

«አንቺ የምትማሪው ይሄንኑ አይደል?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ጻፊልኝ። አጭር ይሁን።»

አጭር አላደረግኩትም። ያን ሰሞን መምህራችን «በጉዞ ዕቅድ ላይ ባዶ ቀን መተው እንግዳን ማስራብ ነው» ብለውን ነበር፤ እኔም ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ስለ መንደሯ ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ወንዙ ላይ ያዘነበሉ የድንጋይ ቤቶች፣ ባለ ቅስት ድልድይ፣ ገደል ጫፍ ላይ የቆመ የፈረሰ ግንብ፣ የደወል ማማ፣ በውሃ የሚሠራ የጥንት ወፍጮ፣ በየሳምንቱ የሚቆም ገበያ አለ። አንዱንም አልተውኩም። ሁለተኛው ቀን የደወሉን ማማ መውጣት ሆነ። በስድስተኛው ቀን «አመልካቿ በወንዙ ዳር መንገድ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር በብስክሌት ትጓዛለች»፤ በስምንተኛው «እስከ ገደሉ አናት በእግር ትወጣለች»፤ በአሥራ ሁለተኛው «በትንሽ ጀልባ ራሷ እየቀዘፈች መንደሩን ከውሃው ላይ ትጎበኛለች»። ስጨርስ በጣም አማረልኝ። አሥራ አራት ቀን፣ አንድም ባዶ ሰዓት የለውም። ሕፃን የሚል ቃልም የለውም። ይህን ግን ያን ጊዜ አላየሁም።

ዕቅዱን ወሎ ሰፈር ጋራዥ አጠገብ ባለች አንድ ክፍል ውስጥ ፎርም ለሚሞላ ሰውዬ ላክሁለት። እሱም ከቪዛ ማመልከቻው ጋር አያይዞ ላከው፣ የቃለ መጠይቅ ቀጠሮም አገኘ። ለእማማ የደረሳቸው በቀጠሮው ቀን ፈርመው የሚያቀርቡት ቅጂ ነው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸውን ከመስመር ወደ መስመር እየጎተቱ አነበቡት።

«ይቺ አመልካቿ የምትባለው ማናት?»

«እርስዎ ነዎት፣ እማማ።»

«እኔ ብስክሌት አልችልም።»

«ግድ የለም፣ ማንም አይጠይቅዎትም።»

«ፈርሚ ግን ይለኛል።» ወረቀቱን አጠፉት። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ ፈርሜ አላውቅም። አሁን ደግሞ በጌታ ፊት፣ በዚህ ዕድሜዬ?»

ወሎ ሰፈር ደወልኩ። ሰውዬው ሳቀብኝ። «የኔ እህት፣ ከተላከ ተላከ ነው። አሁን ከነካነው ቀጠሮው ይሰረዛል። ሌላ ቀጠሮ ስናገኝ ልጁ ትምህርት ቤት ይገባል።»

ይህንን በለሰለሰ ቃል ለእማማ ነገርኳቸው። ግድግዳቸው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አዩ።

«ስንት ሳምንት አለኝ?»

«ሦስት።»

«የጀልባውን እዚያው ስደርስ እማራለሁ፤ ማማውም ደረጃ ነው፣ እኔም አራተኛ ፎቅ ነኝ። ብስክሌቱን አምጪ።»

ብስክሌቱን ጎሮ ከሚኖረው ያጎቴ ልጅ ተዋስኩ። ጎሮ ያን ጊዜ ተነጥፎ ለመኪና ያልተከፈተ አንድ አስፋልት ነበረ። ሰኔ ስለገባ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ነው፤ የምንሄደው ጠዋት ጠዋት ነበር። እማማ ከቀሚሳቸው ሥር የስፖርት ሱሪ፣ ከሻሻቸው በላይ ከአንድ የግንባታ ዘበኛ የተዋሱትን ቢጫ ቆብ ያደርጋሉ። ከጸሎት ቤታቸው ሁለት እኩዮቻቸው አብረውን መጡ። አንዷ ከኋላ ኮርቻውን ትይዛለች፤ ሌላዋ አስፋልቱ መሃል ቆማ ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች።

«እኅቴ፣ ዓይንሽን ገልጠሽ ጸልዪ!» ብለው ጮኹ እማማ። «ወደ አንቺ ነው የምመጣው!»

አልገለጠችም። ሁለቱም ወደቁ።

አስፋልቱ ጫፍ ላይ ተራ የሚጠብቁ ሚኒባሶች ነበሩ። አንዱ ረዳት በየቀኑ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቀናል።

«እማማ፣ በሱ ከሚለፉ ይግቡ፣ አንድ ሰው ነው የጎደለን!»

«አንተ መጀመሪያ በርህን አሠራ!»

እውነትም በሩ በገመድ የታሰረ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት እማማ ያለ ደጋፊ ከአስፋልቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ሲሄዱ፣ ከመኪናው ወርዶ ያጨበጨበላቸው ግን እሱ ነው። ማቆም ስላልተማሩ እሱን ይዘው ቆሙ።

በቀጠሮው ቀን ውጭ ጠበቅኋቸው። ሲወጡ ፊታቸው ምንም አይልም።

«ምን ጠየቁዎት?»

«አንዲት ልጅ ናት። የጉዞዎ ዓላማ ምንድን ነው አለችኝ። ሕፃን ማቀፍ አልኳት። ወረቀቱን አገላብጣ፣ ዕቅዱ ላይ ይህ የለም አለችኝ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። «እና ምን አሉ?»

«የጻፈችው የተማረች ልጅ ናት፣ የሚረሳ ነገር አይጠፋም አልኳት። ቀጥላ፣ እውነት ብስክሌት ይነዳሉ አለችኝ። ጉልበቴን ገልጬ አሳየኋት።»

ጉልበታቸው ላይ ያለው ቁስል ገና አልደረቀም ነበር። ቪዛው መጣ። ልክ በዕቅዱ መጠን፣ አሥራ አራት ቀን፤ አንድ ቀን አልጨመሩም። ሁለት ወር ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ብዬ አሰብኩና፣ ሐሳቤን ለማንም ሳልናገር ዋጥኩት። በነሐሴ መጀመሪያ ቦሌ ሸኘናቸው።

የሄዱ በስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ከፈረንሳይ ደወለችልኝ።

«ዕቅዱን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

ልታመሰግነኝ የደወለች መስሎኝ በደስታ «አዎ!» አልኩ።

«እናቴ እስካሁን ልጄን የያዘችው ሁለት ጊዜ ነው። ጠዋት ትወጣለች፣ ማታ ድክም ብላ ትመጣለች። ቁጭ በይ ስላት ‹ዛሬ ወፍጮው ነው› ትለኛለች። ባሌ እዚህ ተወልዶ ሲያድግ ያንን የደወል ማማ ወጥቶት አያውቅም፤ እሷን ተከትሎ ወጥቶ ሁለት ቀን እግሩን ያዘው። ዛሬ ገደሉ ላይ ናቸው። መንደሩ ውስጥ ስፖርተኛ ከኢትዮጵያ መጣች እየተባለ ነው።»

«ልጁስ?» አልኩ በቀስታ።

«ልጁማ ትናንት ሶፋውን ይዞ ቆመ።»

ወዲያው እማማ ጋ ደወልኩ። ነፋስ ይሰማል፤ ቁና ቁና ይተነፍሳሉ።

«እማማ፣ እባክዎ ዕቅዱን ይተዉት። ማንም አያይዎትም።»

«መዝገብ ቤትም ማንም አያየኝም ነበር።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ልጄ፣ እኔስ ጠልቼ ነው? ማታ ማታ ተኝቶ ነው የማገኘው። ግን ፈርሜያለሁ። የተፈረመ ነገር በአፍ አይሻርም።»

«ማሻሻያ ብጽፍልዎስ?»

ድምፃቸው ተለወጠ፤ የቢሮ ሰው ሆኑ። «ቁጥር ካለው፣ ማኅተምም ካለው።»

ያን ቀን የጻፍኩት በሕይወቴ አጭሩ ሥራዬ ነው። «ጉዳዩ፦ የጉዞ ዕቅድ ማሻሻያን ይመለከታል። ቁጥር 1። ከዘጠነኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ያለው ተሰርዞ፣ በየቀኑ ሕፃን ማቀፍ በሚል ተተክቷል።» ማኅተም ያለው ደግሞ የብሎካችን ኮሚቴ ነው። ሰብሳቢው ምድር ላይ ሱቅ ያላቸው የወሎ ሰው ናቸው፤ ሩዝ ሲመዝኑ አገኘኋቸው። ወረቀቱን ከብርሃን አንጻር ይዘው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«እኛ እኮ የውሃ ታንከርና የደረጃ ጽዳት ነው ሥልጣናችን። በፈረንሳይ ምን አገባን?»

«ጋሼ፣ እማማ ነዋሪያችን አይደሉ?»

«ናቸው።»

«ስብሰባ ቀርተው ያውቃሉ?»

«አያውቁም። ቃለ ጉባኤውንም የሚይዙልን እሳቸው ናቸው።» ማኅተሙን ከስኳሩ ጆንያ ኋላ አወጡና እፍ አሉበት። «እንግዲያው ይታቀፉ!» ብለው መቱት። ከዚያ እንደገና አዩት። «ዕቅዱ ግን ጥሩ ነው። የተምታታ ነገር የለውም።»

ፎቶ አንሥቼ ላክሁት። በማግሥቱ ከልጃቸው አንድ ፎቶ ደረሰኝ። እማማ ወንዙ ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ ልጁ ደረታቸው ላይ ተኝቷል። ከኋላቸው ድልድዩ፣ ከድልድዩ በላይ ግንቡ፣ ወንዙ ላይም እኔ የጻፍኳት ዓይነት ጀልባ ይታያል። እሳቸው አንዱንም አያዩም። የሚያዩት የልጁን ጆሮ ነው።

የመጀመሪያውን ዕቅድ ለኮርሱ አስገብቼው ስለነበር፣ መምህሩ ከክፍሉ ሁሉ የላቀ ውጤት ሰጥተውበት «ምንም ያልረሳ» ብለው ጽፈውበታል። ማሻሻያውን አላሳየኋቸውም።

እማማ ሲመለሱ ለእኔ ቸኮሌት፣ ለሰብሳቢው ደግሞ ለፋይል ማስታወሻ የሚሆን፣ የኮሚቴው ማኅተም ያረፈበትን ማሻሻያ ፎቶ ኮፒ ይዘው መጡ። በሁለተኛው ቀን ቤታቸው ጠርተው አረንጓዴ ፋይል ዘረጉልኝ። በየቀኑ ትይዩ አስተያየት የሚል ዓምድ አስምረዋል። «የደወል ማማ፦ ተወጥቷል። ብስክሌት፦ ተፈጽሟል፤ ቁልቁለቱ ላይ በእግር። ጀልባ፦ በማሻሻያ ቁጥር 1 ተሰርዟል።» ከዚያ በታች ተፈጽሟል፣ ተፈጽሟል፣ ተፈጽሟል ይላል። አሥራ ሦስተኛው ቀን ላይ ብቻ ጽሑፉ ረዘም ይላል፦ «ሕፃኑ ጠዋት ሦስት እርምጃ ተራመደ። የመጣው ወደ እኔ ነው። ከዚያም ታቀፈ።»

ስጨርስ ፋይሉን ወሰዱና ሽፋኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ በዚያ በሠላሳ ዓመት እጅ ጽሑፋቸው፣ «ተዘግቷል» ብለው ጻፉበት፤ ከሥሩም ቀኑን፦ ነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.።