የጭድ መረብ

ዳይሬክተራችን «መረብ ከሌለ መረብ ኳስ የለም፤ ሜዳው ለወንዶቹ ነው» ሲሉን ደሜ ፈላ። ሰቆጣ ላይ መረብ ከየት ይመጣል? ጓደኛዬ ግን ሳቀች። አባቷ ጭድ በአህያ የሚጭኑበት የገመድ መረብ ነበራቸው።

«አባባ፣ ለዛሬ ብቻ ያውሱን» አልኳቸው።

«አህያዋስ በምን ትጫን?»

«እኛ እንሸከማለን!» አለች ልጃቸው፣ እኔን ሳታማክር።

ጭዱን በነጠላችን እየቋጠርን፣ እያሳከከን፣ እየተሳደብን ከአውድማው ቤታቸው አደረስን። ከሰዓት መረቡን ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ በሁለት እንጨት ወጥረን መጫወት ስንጀምር፣ ሥራ የፈታችው አህያ ተከትላን መጥታ መረቡ ላይ የቀረውን ጭድ መልቀም ያዘች።

«ይቺ ደግሞ የማን ቡድን ናት?» አሉ ዳይሬክተሩ ሳቃቸው እያመለጣቸው።

«የእኛ!» አልን ሁላችንም።

ፊሽካውን ራሳቸው ነፉልን፤ አህያዋን ሳናባርር እስኪመሽ ተጫወትን።