ሦስት ካርድ ያላት ልጅ

የምሠራው እዚሁ ድሬ ዳዋ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጫለሁ፤ የቀረውን ያስተማረኝ ካርዱ ነው። የሐኪም ጽሑፍ ማንበብ ላይ ማንም አይደርስብኝም።

አንድ ቀን አንድ ወጣት ሐኪም ለጥናት መጣና "እህቴ፣ የልጆችን ካርድ ከድሮ ጀምሮ አውጪልኝ" አለኝ። ማወቅ የፈለገው፣ በጨቅላነቱ ችፌ የያዘው ልጅ ኋላ እንቁላል ሲበላ ያብጥ እንደሆነ፣ ከዚያም አስም ይከተለው እንደሆነ ነው። ደስታዬን ምን ልበላችሁ! ሴት ልጄ ጡት የጠባችው ጉንጯ በችፌ ቆስሎ ነው። በዓመቷ እንቁላል ከንፈሯን አሳበጠው። አሁን ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሮጣ ስትመጣ ደረቷ ያፏጫል። ሦስቱን ሦስት ሐኪም አክሞታል፣ ያያያዘው ግን የለም። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ገና ስምንት ወሩ ነው፣ ጉንጩ ላይ ያው ችፌ ጀምሮታል። ምን እንደሚመጣበት ማወቅ ነበር የፈለግኩት።

ሳምንት ሙሉ በዚያ ሙቀት፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አቧራ ስቅም ሰነበትኩ። ሐኪሙ ግን ካርዶቹን ባገላበጠ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል።

"ችፌ ያለባቸው አስም የላቸውም፤ አስም ያለባቸውም ችፌ የላቸውም።"

"እንዴት አይኖራቸውም? ይቺና ይቺ እኮ አንድ ልጅ ናት! እናቷን አውቃታለሁ፣ ከጀልዴሳ ወተት ይዛ ነው የምትመጣው።"

"የካርድ ቁጥራቸው ግን የተለያየ ነው። አድራሻው እዚህ ጀልዴሳ ይላል፣ እዚህ ከዚራ።"

"ከዚራማ አክስቷ ቤት ሰንብታ ነዋ!"

"አንቺ ታስታውሻለሽ፣ ወረቀቱ አያስታውስም። ለመሆኑ ሁለተኛውን ማን ከፈተው?"

ካርዱን ጠጋ ብዬ አየሁት። ጽሑፉ የእኔ ነው።

የካርድ ቁጥሩ ያለበትን የቀጠሮ ወረቀት የጣለች እናት ስትመጣ፣ የድሮውን ካርድ በስም መፈለግ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሰልፉ ይጮሃል። "አቦ፣ ልጄ በትኩሳት እየነደደ ነው!" ትላለች አንዷ። ሌላዋ በሶማሊኛ፣ ሌላዋ በኦሮምኛ ትሰድበኛለች። ሁለቱንም እሰማለሁ፣ አፌም አያርፍም። ታዲያ በመስኮቱ ጎንበስ ብዬ "አዲስ ነኝ በይ" እላለሁ፣ በቀስታ። አዲስ ካርድ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መርቀውኝ ይሄዳሉ። ስንት ዓመት በዚያ ምርቃት ስኩራራ ኖሬያለሁ!

የልጄንም ፈለግኩት። ሦስት ካርድ። ሦስቱንም የጻፍኩት እኔው፣ ቸኩዬ። ይዤያቸው ወደ ሐኪሙ ሄድኩ።

"ይኸው፣ እናቷ እኔ ነኝ። አንድ ልጅ ናት ብዬ እፈርምልሃለሁ።"

"ያንቺን ብቻ ባስገባ የሌሎቹስ እናቶች? ጥናት እንደዚህ አይሆንም" አለና ለጥናቱ ከማይቆጠሩት ካርዶች ክምር ላይ ጣላቸው። ክምሩ ከሚቆጠሩት ይበልጥ ነበር። እሱም ብዙ ሳይቆይ ጥናቱን ተወውና ላፕቶፑን ዘግቶ ሄደ። ንዴቴን የማወርድበት ሰው እንኳ አጣሁ።

በማግስቱ ሕፃኑን አዝዬ የልጆች ክፍል ገባሁ። ሐኪሟ ጉንጩን አየችና "ቤት ውስጥ አስም ያለበት አለ?" አለችኝ።

"እህቱ።"

"እሷም ችፌ ነበረባት? መቼ ነው የጀመራት? እስቲ ካርዷን አምጪልኝ።"

"የትኛውን?" አልኳት።