የነፍስ አባታችን ግዝት

ትናንት ከትምህርት ቤት ስወጣ አንድ የጭነት መኪና ዳባት አስፋልት ዳር ቆሞ ፍሬኑ ይጤሳል። ሽታው አፍንጫዬን መታው። የተቃጠለ ፍሬን ለሌላው ሰው ያው የመኪና ሽታ ነው። ለእኔ ግን ሊማሊሞ ነው፤ ያን ሐሙስ በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጬ፣ ከታች ያለውን ገደል ላለማየት ዓይኔን ጨፍኜ ወደ ዛሪማ ስወርድ የሸተተኝ ነው።

ያኔ ቤታችን ደባርቅ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ተለቆ ከትምህርት ቤታችን እኔን የበለጠ አልተገኘም። ጉራ ይመስላል አይደል? ይምሰል፣ ከዚያ ወዲህ የምኮራበት ብዙ ነገር አላገኘሁም። የባዮሎጂ መምህሬ ስልኩን እያሳየኝ አዲስ አበባ ያለ አንድ የሕክምና ኮሌጅ ውጤታቸውን ከሚልኩለት ልጆች ጎበዞቹን መርጦ በነፃ እንደሚያስተምር ነገረኝ። የሚቀበለው እስከ ዓርብ ማታ ብቻ ነው። "አንቺ እሺ በይኝ እንጂ መላኩ የእኔ ሥራ ነው" አለኝ።

ሐኪም መሆን ለምን እንደምፈልግ ያውቃል። ታላቅ ወንድሜ ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በሁለተኛ ዓመቱ ታመመ። ምን እንዳመመው እንኳ በቅጡ የነገረን ሰው ሳይኖር ሬሳው በመኪና መጣ። እንግዲህ ያው አንድ ሞት እኔን ሂጂና ተማሪ ይለኛል፣ እናቴን ደግሞ እንዳትለቂያት ይላታል።

ለእናቴ ስነግራት አልተቆጣችም። "ይሁና" ብላ ገብሷን መልቀም ቀጠለች። እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ አደርኩ። በማግስቱ ጠዋት የነፍስ አባታችን ቤት ሊረጩ መጡ። የደባርቅ ጠዋት ብርዱ አይጣል ነው፤ ጸበሉ ፊቴ ላይ ሲያርፍ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ዓይኔን ሳልጠርግ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አሳረፉና "ልጄ፣ ውጤትሽን ለማንም እንዳትልኪ ገዝቼሻለሁ" አሉኝ። ወደ እናቴ ዞርኩ። መሬት መሬት ታያለች። ያስገዘተችኝ እሷ ናት።

አትሳቁብኝ እንግዲህ። መምህሬም መጀመሪያ ስቆ ነበር፤ ስልኩን የምነካው እኔ ነኝ፣ አንቺን ምን አገባሽ ብሎ ሊከራከረኝ ሞከረ። ኋላ ፊቴን ሲያይ ስልኩን ኪሱ ከተተ። እኛ ዘንድ ግዝት ያፈረሰ ሰው አይቆርብም፣ ሲሞትም ፍትሐት አይደረግለትም ይባላል። የወንድሜን ፍትሐት ሰምቼ ገና አልወጣልኝም ነበር። እኔ ስሞት ያ ዜማ አይዜምልኝም ብዬ ፈራሁ። ግዝትን የሚፈታው ደግሞ የገዘተው ነው፤ እሳቸው ግን ቤታችንን ረጭተው እንደወጡ ለሱባዔ በዛሪማ በኩል ወደ ዋልድባ ገዳም መንገድ ጀምረዋል።

ሐሙስ ሳይነጋ መንገድ ላይ ቆሜ መኪና ለመንኩ። ሾፌሩ የታመመ ሰው ልትጠይቂ ነው ወይ አለኝ፣ አዎ አልኩት። ዛሪማ ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለን። የነፍስ አባታችንን ያገኘኋቸው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ነው። እግራቸው አብጦ መንገዱን መቀጠል አቅቷቸው ተቀምጠዋል። እግራቸው ላይ ወድቄ አለቀስኩ። ምን ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም፤ ክፉም ሳልናገራቸው አልቀረሁም።

"የእናትሽ እንባ አሸንፎኝ ነው" አሉኝ። "ሊማሊሞን ስወርድ ሁሉ ሲከነክነኝ ነው የመጣሁ።" መስቀላቸውን አውጥተው "እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሉና፣ እሷን ግን እንደ ምንም ብለሽ አባብያት ብለው ጨመሩ።

እዚያው ዛሪማ ላይ ስልኬ ኔትወርክ ነበረው። መምህሬ ዘንድ ደውዬ ላከው ብለው በቃ ነበር። የለም፣ ፊቷን እያየሁ ልንገራት፣ ተደብቄ አልሄድም አልኩ። ዛሬ የራሴ ተማሪዎች ውጤት በተለቀቀ ቁጥር ስልካቸውን ይዘው እየመጡ ቲቸር ልላክ ወይስ ይቅር ይሉኛል። ቤት ሳትገቡ ላኩ እላቸዋለሁ። የምቀልድ እየመሰላቸው ይስቃሉ።

ማታ ቤት ስገባ እናቴ ወንድሜ ይተኛበት የነበረው መደብ ላይ ተቀምጣለች።

"ፈቱሽ?" አለችኝ።

"ፈቱኝ እምዬ።"

"እንግዲያ ላኪ" አለችና ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

እራት አልበላችም። ዓርብ ጾም ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማንም አይበላምና እስከዚያ ድረስ ራሴን አታለልኩ። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ሽሮውን አሙቄ አቀረብኩላት፣ አልዞረችም። ውኃም አልቀመሰችም። ወንድሜ የሞተ ጊዜም እንዲሁ ሆና ነበር፤ ያኔ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ በግድ ነው ያስቀመሳት። አሁን ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ስልኬ ይጮኻል፣ መምህሬ ነው። እንደገና ይጮኻል። ተናደድኩባት፣ እውነቴን ነው፤ ብትሞት ትሙት የሚል ሐሳብ ሁሉ ሽው ብሎብኛል። እሷ እቴ፣ አንድ ቃል እንኳ ተናግራ ብትሰድበኝ ኖሮ መልስ ሰጥቼ እወጣ ነበር። ከነጠላው ሥር ትከሻዋ ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል። መቼ እንዲህ እንደከሳች አላየሁም ነበር።

ሲመሽ ስልኩ እንደገና ጮኸ። አጠፋሁት። ሲጠፋ የሚያሰማውን ድምፅ ሰምታ ቀስ ብላ ዞረች። የገብሱን እንጀራ በሽሮ ጠቅልዬ ወደ አፏ አስጠጋሁት፣ ጎረሰችልኝ። ሌላም አጎረስኳት። እንባዋ በአገጯ እየወረደ ስታኝክ ቆየችና እጄን ያዝ አድርጋ፣

"ይኸ የሐኪም ትምህርት እኮ፣ አንድ ቀን እዚሁ ደባርቅ ይመጣ ይሆናል" አለችኝ።

"ይመጣል እምዬ" አልኳት፣ "ብይ።"