የደባሱ ባዶ ጣሳ

ደባሱ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰማይን ሲመዘግብ የኖረ ሰው ነው። ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ወዲያ ባለችው መንደር፣ ከቤቱ ጓሮ፣ በሽቦ የታጠረ የዝናብ መለኪያ አለ፤ አገሬው ጣሳው ይለዋል። በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የተጠራቀመውን ውሃ መስመር ወዳለው ብርጭቆ ገልብጦ ይለካና ቁጥሩን ለሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት በሚልከው ቅጽ ላይ ያሰፍራል። የልጁ ሠርግ ቀን እንኳ ሚዜዎቹ በር ላይ ቆመው እሱ ጓሮ ነበር። ሚስቱ አገሬ፣ «እኔን ከምታየኝ ያንን ጣሳ የምታየው ይበዛል» እያለች ትስቅበት ነበር።

ክብር ቶሎ ይለመዳል፤ ክፋቱም እሱ ነው። መንደርተኛው «ጋሽ ደባሱ፣ ዛሬስ እንዴት ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ ለአረም አይወጣም። ጣሳው የሚናገረው የወረደውን እንጂ የሚመጣውን አይደለም፤ ደባሱም ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ግን ሲጠየቅ «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም።

በፍልሰታ ጾም አንድ ቅዳሜ ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ ጠብታ አልወረደም። ጠዋት ስልኩ ጮኸና ከመሥሪያ ቤቱ የትንበያ ባለሙያዎች መልእክት መጣለት፦ «ዛሬ ከሰዓት በኋላ በላስታ ተራሮች ነጎድጓድና ከባድ ዝናብ ይጠበቃል። ከወንዝ ራቁ። ለነዋሪው አሳውቁ።» ደባሱ ቀና ብሎ አየ፤ ጥርት ያለ ብራ። ጣሳውን ገለበጠ፤ ባዶ። «እነዚህ ደግሞ ቢሮ ተቀምጠው!» አለና ስልኩን ኪሱ ከተተ። ለማንም አልተናገረም።

አገሬ ገብሷን አህያዋ ላይ ጭና ወደ ላሊበላ ገበያ ልትወጣ ነው። ከመንደሩ በታች ያለውን ወንዝ ካቋረጡ መንገዱ ቅርብ ነው፤ በላይ በድልድዩ ከዞሩ አንድ ሰዓት ይጨምራል።

«ስልክህ ምን አለ? ስመለስ በድልድዩ ልዙር እንዴ?»

«ጣሳው ባዶ ነው እያልኩሽ! በወንዙ ነይ፤ እግርሽን ምን አደከመሽ?»

ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ባቄላውን ሲያርም፣ ፀሐይ ጀርባውን እየጠበሰችው፣ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል ጉርምርምታ ሰማ። ቀና ቢል ተራራው የለም፤ ጥቁር ደመና ውጦታል። እሱ ዘንድ ግን አንዲት ጠብታ አልደረሰችም። ጥቂት ቆይቶ ከወንዙ ሌላ ድምፅ መጣ፤ የተጫነ መኪና ዳገት ሲወጣ የሚያሰማው ዓይነት። በዚያ በኩል መኪና አይሄድም። ደባሱ ክው አለ። ከዚያ ሮጠ።

ጠዋት ደረቅ አሸዋ በነበረው ላይ የሚሄደው ውሃ አይባልም፤ ጭቃ ነው፣ ቋጥኝ ነው፣ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ ነው። ፀሐይዋ ደግሞ እላዩ ላይ ታበራለች። በብራ ቀን እንዲህ ያለ ነገር! ማዶ የገበያ ሴቶች ደረታቸውን ይመታሉ። የአገሬ አህያ አጠገባቸው ቆማለች። አገሬ የለችም።

ጎረቤቱ ባንቺዓለም ከማዶ ጮኸች፦ «ጋሽ ደባሱ! ተራራው ሲያጉረመርም እንቆይ ብለናት ነበር! አህያዋም አልገባም አለች። እሷ ግን ‹ባለቤቴ ጣሳው ባዶ ነው ብሎኛል› አለችና ገመዱን ለቃ ቀድማ ገባች!»

«እኔ?» አለ ደባሱ። ደግሞ «እኔ?» አለ።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። አገሬ ያመነችው እሱን ነበር።

ሬሳዋን ሊመሽ ሲል ከወንዙ መታጠፊያ አገኙት። በማግስቱ ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶት ሳለ ሦስት ሰዓት ሆነ። ደባሱ ተነሣ። ጓሮ ሲገባ ሰዎች አእምሮውን የሳተ መስሏቸው ተከተሉት። ጣሳውን ገለበጠ፤ እንደ ትናንቱ ባዶ ነበር።

ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ከዝናቡ መጠን ሥር ዜሮ ጻፈ፤ እውነት ነበርና። ከጎኑ «ማብራሪያ» የሚል ክፍት ቦታ አለ፤ በአሥራ አንድ ዓመት አንዲት ቃል አስፍሮበት አያውቅም። እንዲህ ሲል ጻፈበት፦ «ማስጠንቀቂያው ትናንት ጠዋት ደርሶኝ ነበር። ለሚስቴ አልነገርኳትም።»