እሾህ የተጣለበት አቋራጭ

ምስክር ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ያደርግና ስክሪኑን በጋቢው ጫፍ ይጠርጋል። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ከአንድ ድረ ገጽ ለቅሞ ያወጣትን ዓረፍተ ነገር ያነባል። ቀጥሎ ገጹን ይከፍትና በጣቱ ወደ ታች እየገፋ ነገሯ የተጻፈችበትን መስመር ይፈልጋል። ሲያገኛት ቢጫ ይቀባታል። በመጨረሻ «ገጹ ይላል» ወይም «ገጹ አይልም» ከሚሉት አንዱን ይጫናል። ኮምፒውተሩ እንዲህ እየታረመ ነው ከሰው ጽሑፍ እውነት መልቀም የሚማረው።

ድሮ ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነበር። ጦርነቱ እንግዳ ሲያስቀር ይህን ሥራ ያዘ፤ አሠሪዎቹን በአካል አይቷቸው አያውቅም። እጁ ፈጣን ነው፣ አይሳሳትም። ጓደኞቹ አሁን የምታስጎበኘው ማሽን ነው፣ ጉርሻ እንኳ አይሰጥ እያሉ ይቀልዱበታል።

ባለፈው ሚያዝያ የደረሰችው ዓረፍተ ነገር ግን የሰፈሩን ነገር የምታወራ ሆነች፦ ወደ አሸተን ማርያም በገደሉ ሥር የሚወስድ አቋራጭ አለ፤ ዓመቱን ሙሉ ያስኬዳል። ገጹን የጻፈው በጥር የመጣ ጎብኚ ነው። ምስክር መንገዱን ያውቀዋል። ክረምት ሲገባ ጎርፍ መረገጫ ድንጋዮቹን ስለሚያላላቸው፣ ገበሬዎቹ አፉ ላይ እሾህ ይጥሉበታል፤ የሚያነሡት ከመስቀል በኋላ ጠግነው ነው። የተጣለ እሾህ አይታለፍም። ይህን እዚያ ማንም ለማንም አይነግርም፤ የታወቀ ነው።

ይህንኑ ለአሠሪዎቹ ጻፈላቸው። የተጠየቅኸው ገጹ የሚለውን እንጂ አንተ የምታውቀውን አይደለም የሚል መልስ መጣለት። ደንቡም እንደዚያ ነው። «ገጹ ይላል» የሚለውን ተጭኖ ወደሚቀጥለው አለፈ።

በፍልሰታ ደመቀች የምትባል የኮን ከተማ መምህርት ስለቷን ልታደርስ ወደ አሸተን ማርያም ስትወጣ፣ እዚያው አቋራጭ ላይ ተንሸራታ እግሯ ተሰበረ። ጩኸት ሰምተው ከደረሱት አንዱ ምስክር ነበር። ቃሬዛውን ይዘው ሲወርዱ፣ እሾሁን አላዩትም ወይ ብሎ ጠየቃት።

«አይቼዋለሁ፣ ወንድሜ» አለችው። «ስልኬን ብጠይቀው ያስኬዳል አለኝ። የአገሩ ሰው ሳይነግረው አይናገርም ብዬ፣ እሾሁን ገፋ አድርጌ ገባሁ።»

ምስክር ቃሬዛውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ።

ስልኩ ያን ወሬ ያገኘው ምስክር ካሳለፋት ዓረፍተ ነገር ይሁን ከሌላ ቦታ፣ ማወቂያ የለውም። ዓረፍተ ነገሯን ሊያስመልስ ሞክሮ ነበር፤ አሠሪዎቹ አንዴ ያለፈ አይነካም አሉት። ደመቀች ዛሬም እያነከሰች ነው የምታስተምረው። እሱም ሥራውን አልተወም፤ ሌላ እንጀራ የለውም። መንገድ የሚል ቃል ሲመጣበት ግን እጁ ይዘገያል።

ይህን ለምታነቡ አንድ ልመና አለው፦

«አገራችን መጥታችሁ ስለ መንገዱ የጻፋችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ገጻችሁን ከፍታችሁ የሄዳችሁበትን ወር ጨምሩበት። እኔ የምጫነው እናንተ የጻፋችሁትን ነው።»